ዱልዱሙን ቢላዋ የሳልኩ ቀን

ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቡታጅራ ጓሮዬ ተቀምጬ፣ መሳል የሌለበትን ቢላዋ ሳልኩ። ሳልኩ ስላችሁ ዳሰስ ዳሰስ አድርጌ የተውኩት እንዳይመስላችሁ። ከቁርስ ጀምሬ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድንጋዩ ላይ ስፈገፍገው ቆይቼ፣ በመጨረሻ የክንዴን ፀጉር እንደ ምላጭ ሲያነሣልኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ ራሴን አመሰገንኩ። በዚህ ዕድሜ አመስጋኝ ስለሚጠፋ ሥራውን ራሴ ይዤዋለሁ።

ቢላዋው የእኔ አልነበረም። የወንድሜ ልጅ ንብረት ነው። እሷ ጅቡቲ አንድ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታ መመለሷ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቷ የእኔ ቤት ነው ይባላል፤ ስለዚህ በዓሉን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ መጣች። መጣች እንጂ አልተነጋገርንም። ሰላምታችን እንኳ የሚተላለፈው በባለቤቴ በኩል ነበር።

«ሻይ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂያቸው» ትላለች ልጅቷ፣ እኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጬ።

«እጅ አለኝ፣ ራሴ እቀዳለሁ በያት» እላለሁ እኔም ለባለቤቴ።

ባለቤቴ በመሃል ሆና አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ እኔ ስትዞር አንገቷ ታመመ። ሦስተኛው ቀን ላይ «እኔ የስልክ ማማ አይደለሁም» ብላ ሥራውን ለቀቀች።

የጠባችን መነሻ የጅቡቲው ጉዞዋ ነው። ጉራጌ ልጁን ለሥራ ከአገር ሲሸኝ አዲስ ነገር የለውም፤ እኔ ራሴ ከቸሃ ወጥቼ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ቡታጅራ እየዞርኩ ጨርቅ ሸጬ ነው ያረጀሁት። ልጅቷ ባሕር ዳርቻ ሄዳ፣ ኦይስተር የሚባል፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው፣ ዛጎል ውስጥ የሚያድር እርጥብ ነገር ለፈረንጅ እየከፈተች ልታበላ ነው ሲባል ግን ደሜ ፈላ። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ሳልመርቃት ወደ ገበያ ወጣሁ። የምሸጠው ነገር አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ የሽንኩርት ዋጋ ስጠይቅ ዋልኩ።

እንግዲህ ያን ቀን ጠዋት ቢላዋዋን ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ታጥቦ አገኘሁት። ብረቱ ከሌባ ጣቴ አይረዝምም። ወፍራም ነው፤ ጫፉ እንደ ማንኪያ ክብ፣ ጠርዙ እንደ ማንኪያ ለስላሳ። እጀታውና ብረቱ በሚገናኙበት ላይ እንደ ሳንቲም ያለ ክብ ብረት ተሰክቶበታል። አውራ ጣቴን አስኬድኩበት፤ ጣቴ እየሳቀ ተመለሰ።

በእኛ ዘንድ መስቀል ሲቃረብ ያልተሳለ ቢላዋ ያለበት ቤት ይታማል። ክትፎ የሚከተፈው በእጅ ነው፤ ቢላዋው ካልቆረጠ ሥጋው ይደቀደቃል፣ እንግዳውም ከቢላዋው ይልቅ አባወራውን ያማል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት የቤቱን ቢላዋ ሁሉ የሚስለው አባወራው ነው። የእንግዳውንም ጭምር። ይህን ደግነት ብዬ ላቀርበው እችል ነበር፤ ሽማግሌ ቢዋሽ ማን ይቀጣዋል ቢባልም ግን፣ እውነቱ ሌላ ነው። «ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ደነዝ ብረት ሠርተሽ ወጥ ቤት ነኝ ትያለሽ?» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ቢላዋውን የሳልኩት ለዓረፍተ ነገሩ ነው። ክቡን ጫፍ ሳይቀር አሹዬ እንደ መርፌ አደረግኩት።

ከገበያ ቅቤና ቆጮ ይዛ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኋት። እጀታውን ወደ እሷ አዙሬ ሰጠኋት።

«ሳልኩልሽ» አልኩ። ከመጣች ጀምሮ በቀጥታ ያናገርኳት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ተቀበለችኝ። ስለቱን አየችው፣ ጫፉን አየችው። ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀምጣ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን አዘዘዎት?»

«ቢላዋ ለመሳል ማዘዣ አያስፈልግም። የማይቆርጥ ነበር፣ አሁን ይቆርጣል።»

«እንዳይቆርጥ ነው የተሠራው፣ ጋሼ።»

«እንዳይቆርጥ የተሠራ ቢላዋ» አልኩ፣ ባለቤቴ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «እንዳያበራም የተሠራ ኩራዝ ይኖርሻል።»

አልሳቀችም። ባለቤቴም አልሳቀችም፤ እሷ እንኳ አንዳንዴ ለደንብ ትስቅልኝ ነበር። ልጅቷ ከሻንጣዋ አንድ የጨርቅ ከረጢት አወጣች። ውስጡ ባዶ ዛጎሎች ነበሩ፤ እጇ እንዳይረሳ ልትለማመድባቸው ሁለት ሁለቱን በሻማ ሰም አጣብቃቸዋለች። አንዱን አንሥታ፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዳ መምህር፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠች ነገረችኝ።

«ይሄ በር ነው። እዚህ ጋ ማጠፊያው አለ። ቢላዋው ቁልፍ ነው። ጫፉን ማጠፊያው ውስጥ አስገብቼ እንደ ቁልፍ አዞራለሁ፣ በሩ ይለቃል። ከዚያ በላይኛው ዛጎል ሥር አንሸራትቼ ጅማቱን አላቅቃለሁ። ጉልበት የለበትም። ስለት ያለው ከሆነ ግን ዛጎሉን ይነክሳል፣ ስንጣሪው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ወይም ያመልጥና የያዝኩበት እጄ ውስጥ ይገባል።»

«ቀንድ አውጣ የሚበላ ሰው ስንጣሪ ምን ይለዋል?»

«ማክሰኞ አዲስ አበባ ፈተና አለብኝ» አለች፣ እንዳልሰማችኝ። «አንድ ሆቴል ነው። ስድስት ሆነን ለአንድ ቦታ ነው የምንቀርበው። ቅርጫት ሙሉ ዛጎል ፊታችን አስቀምጠው ሰዓት ይይዛሉ። መሣሪያ የየራስ ነው። እንዲህ ያለ ቢላዋ እዚህ አገር ፈልጌ አጥቻለሁ፤ የጅቡቲው አለቃዬ ስሰናበተው የሰጠኝ ነው። ይሄን ሥራ ካላገኘሁ ተመልሼ ጅቡቲ ነኝ። አሁን ገባዎት?»

ገብቶኛል። የገባው ሰው ደግሞ ዝም ይላል። እኔን ግን ሁልጊዜ አፌ ይቀድመኛል።

«አምጪው፣ እኔ ልክፈተው» አልኩ።

«በጨርቅ ይያዙት።»

«እጄ ከጨርቅሽ ይወፍራል።»

ዛጎሉን በግራ መዳፌ ያዝኩ። ያሾልኩትን ጫፍ ማጠፊያው ላይ አስደግፌ ገፋሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ብረቱ ተንሸራተተና ከአውራ ጣቴ ሥር ያለውን ሥጋ ከፈተልኝ። ዛጎሉ እንደተዘጋ ነው። ቢላዋ አሳሳሌ እንከን እንደሌለው ያን ጊዜ አረጋገጥኩ።

ባለቤቴ ውኃና ጨርቅ ልታመጣ ሮጠች። ልጅቷ አልተነሣችም። ግራ እጇን ዘርግታ መዳፏን አሳየችኝ። እዚያው ቦታ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ነጭ ጠባሳ ነበራት።

«የእኔ በካቻቪቴ ነው» አለች። «የመጀመሪያው ወር ላይ ቢላዋ አልነበረኝም። እርስዎ ሲሰሙ በእድሩ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ‹እጇን እግዜር ቀጣት› ብለው ነበር። እርስዎንስ ማን ቀጣ?»

ብያለሁ። አልካድኩም። ለቅሶ ቤት ነበርን፤ አንዱ ስለ እሷ ሲጠይቀኝ፣ ሰው ወደ እኔ ሲዞር ደስ አለኝና አልኩት። ጥሩ አባባል ሆኖ ተሰምቶኝ ነበር። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጅቡቲ እንደሚገባ አላሰብኩም።

«እግዜር ሥራ በዝቶበታል» አልኩ እጄን እያስጠቀለልኩ። «እኔን የምቀጣ ራሴ ነኝ።»

«በነገር አይሸሹ። ቢላዋውን እንደነበረ አድርገው ይመልሱልኝ። ጠርዙ እንደ ማንኪያ፣ ጫፉ ክብ። ያሉትን ነገር ደግሞ በዚያው ድንኳን፣ በዚያው አፍዎ ይመልሱ።»

ቢላዋውን ይዤ ወጣሁ። በግራ እጄ መሥራት ስለማልችል ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ እኩያዬ ነው፤ ሙስሊም ነው፤ መስቀል ሲደርስ ግራይንደሩን ለክርስቲያን ቢላዋ ያውለዋል፣ እኛም በዒድ ቀን እሱ ቤት ሄደን እንበላለን። በሩ ላይ የሰፈር አባወራ ሁሉ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ተሰልፏል። ወረፋዬ እስኪደርስ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ አወራሁ፤ የእኔን ጥቅል ግን ብብቴ ሥር አጥብቄ ያዝኩት።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ ሲደርሰኝ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። አምጣ፣ ይሳል።» ከጥቅሉ አውጥቶ በጣቱ ሞከረው። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የተሳለ ነው።»

ጠጋ ብዬ በዝግታ «ታደነዝዝልኛለህ» አልኩት።

ግራይንደሩን አጠፋው። ያን ማሽን ማጥፋቱ ነው የጎዳኝ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም አይሰማም ነበር።

«ምን አልክ?»

«አደንዝዝልኝ። እንደ ማንኪያ። ጫፉንም ክብ አድርገው።»

ወደ ሰልፉ ዞረ። «ሰማችሁ? ሰው ለመስቀል ያስላል፣ ይሄ ያስደነዝዛል።»

«ጥርሱ ሲያልቅ ቢላዋውም አብሮት እንዲያልቅ ነው» አለ ከኋላዬ ያለው።

«ሚስቱ ፈርታ ነው የላከችው» አለ ሌላው፣ የታሰረውን እጄን እያሳየ።

«የማን ነው?» አለ ባለ ብየዳው።

የወንድሜ ልጅ ነው፣ ዛጎል የምትከፍትበት ነው፣ እኔ አበላሸሁባት ብል ነገሩ እዚያው ባለቀ። ከሰልፈኞቹ ግማሹ የእድራችን አባል ነው። «የእኔ ነው» አልኩ። «ዕድሜዬ ሲገፋ ስለት ፈራሁ።» ሳቁብኝ። ሲስቁብኝ ያመንኩ ሰው መስዬ አብሬ ሳቅሁ፤ ከእውነቱ ይልቅ መሳቂያነቱ ቀለለኝ።

ባለ ብየዳው ግን ሥራውን በሥርዓት ሠራ። ጠርዙን አለሰለሰው፣ ጫፉን ክብ አደረገው፣ ብረቱም ሲሳል የሄደው አይመለስምና ቢላዋው ከነበረው አጠረ። ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ልጅቷ ጨርቅ አራት እጥፍ አጥፋ አንዱን ዛጎል ያዘችበት፣ ቢላዋውን አስገባች፣ አዞረች። ቀጭ አለና ተከፈተ። እኔ ደሜን ያፈሰስኩበት ነገር ለእሷ ትንፋሽ እንኳ አላስጨረሳትም። ሁለተኛውን ከፈተች፣ ሦስተኛውን ከፈተች።

«አጥሯል» አለች። «ይሠራል።»

አመሰግናለሁ አላለችም። ልትል አይገባትምም ነበር፤ እኔ ግን ስትል ለመስማት ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ።

የመስቀል ዕለት እጄ ስለታሰረ ሥጋውን የከተፈችው እሷ ናት፤ እኔ ባዶ እጄን አንጠልጥዬ እንግዳ ተቀበልኩ። ከበዓሉ በኋላ በማለዳ ሚኒባስ፣ በጥያ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄደች። መንገድ ላይ እስክትወጣ ድረስ ሸኘኋት ማለት አልችልም፤ ከኋላዋ ሄድኩ ማለት ይቀላል። ዞራም አላየችኝም።

ማክሰኞ ሳይመሽ ስልክ ተደወለ፤ ለባለቤቴ ነው። ቦታውን አግኝታለች። «ለእሳቸው አትንገሪያቸው» ብላ ነበር፤ ባለቤቴ ስልኩን ሳትዘጋ ነገረችኝ። ለምን እንደማይነገረኝ ስጠይቅ ልጅቷ ከስልኩ ውስጥ «በራስዎ አፍ ሲመልሱት ያውቁታል» አለች፣ ያን ጊዜ ያልገባችኝ ንግግር ናት።

አሁን ገብታኛለች። ከዚያ ወዲህ እድራችን ሁለቴ ተሰብስቧል። በመጀመሪያው ተነሥቼ «አንድ የምናገረው ነገር አለኝ» አልኩ፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ የድንኳኑ ምሰሶ ዝጓል፣ ቀለም ይቀባ ብዬ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ደግሞ ተነሥቼ፣ ቀለሙ አረንጓዴ ቢሆን ይሻላል አልኩ። ምሰሶው ተቀብቷል፤ ያማረ አረንጓዴ ነው። ልጅቷን እግዜር አልቀጣትም፣ የቀጣኋት እኔ ነኝ የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን አለችብኝ።