የልጄ የድጋፍ ደብዳቤ

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓ.ም. ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ልጄ አምቦ ከተማ ኮሌጅ ገብታ የወንጀል ፍትሕ የሚባል ትምህርት ሦስት ዓመት ተምራ ጨረሰች። ሐሳቧ ፖሊስ ሆና ወንጀል መመርመር ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልገፋሁበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤታችን ጉደር ስትመጣ ደብተሯን ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር። «ማንም በሌላ ሰው ጥፋት አይጠየቅም» የምትለዋን ደጋግሜ አስነብባታለሁ። የኔ እስር ለሷ አይተርፍም ማለት ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ከጎረቤቴ ጋር በመስኖ ውሃ ተጣላን። ተራው የኔ፣ የጠወለገውም የኔ ሽንኩርት። ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ሊመልስ ሲሮጥ ቦዩ ላይ አዳለጠውና ግንባሩ ተፈነከተ። «በዶማ መታኝ» ብሎ ከሰሰኝ፣ ወንድሙም መሰከረለት። ሦስት ወር ታሰርኩ። ስፈታ ሽማግሌዎች መጥተው ይቅርታ ጠይቀህ ታረቅ አሉኝ። ያልመታሁትን ሰው? እንቢ አልኩ። ስምንት ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር ጤና ይስጥልኝ አልተባባልንም።

ልጄ ለፖሊስነት ልትመዘገብ ስትል ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ተባለች። አብረን ሄድን። ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ አየና ቀና አለ።

«ኦቦ፣ ታስረው ነበር እንዴ?»

«የታሰርኩት እኔ፣ የምትቀጠረው እሷ።»

«ቤተሰብ ውስጥ የተፈረደበት ካለ አንጽፍም። ከተበዳዩ ጋር መታረቅዎን እሱ ራሱ መጥቶ ይንገረን።»

ልጄ አላስችል አላት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው! ሰው የሚጠየቀው በራሱ ጥፋት…»

«እህቴ፣ ይሄ ኮሌጅ አይደለም» አላት። ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ምዝገባው በማግስቱ ያበቃል።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። መተኸዋል?»

«ያስተማርኩሽ እኔን እንድትመረምሪ ነው?»

«ካልመታኸው ለምን ይግባኝ አላልክም?»

«ይግባኝ የሚባል ነገር መኖሩን ማን ነገረኝ? ገና ካንቺ ደብተር መስማቴ ነው።»

ቤት ስንደርስ «ታረቅ አልልህም፣ አትታረቅ አልልህም» ብላኝ ገባች። ደብተሮቿን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ስትከት አየኋት።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ሳትነሣ ወጣሁ። ከዚያው ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር አጨድኩ፤ እኛ ዘንድ ይቅርታ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ነው የሚቆመው። ጎረቤቴ በሩን ሲከፍት ሣሩን በሁለት እጄ ዘረጋሁለትና «በዶማ መትቼሃለሁ፣ ማረኝ» አልኩት።