ስም የነበራቸው ጆንያዎች

ሐጂ እኔን የቀጠሩኝ ለአንድ ጥያቄ መልስ አጥተው ነው። ቡናቸውን ወደ ውጭ ከሚልክላቸው የአዲስ አበባ ላኪ ጋር የመጣ ፈረንጅ መጋዘናቸው ገብቶ አንድ እፍኝ ቡና ዘገነና፣ «ይኼ የየትኛው ጫካ ነው? የለቀመውስ ማነው?» ብሎ በአስተርጓሚ ጠየቃቸው። ሐጂ አባታቸው ከወሎ መጥተው ቦንጋ የቀሩ፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን በሙሉ ከገበሬ ቡና እየተረከቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን «ከዚሁ ከከፋ ነው» ከማለት በቀር የሚሉት አላገኙም።

እኔ ጅማ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ተመልሼ፣ በአንዲት የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ማመልከቻ እየተየብኩ ነበር። ሐጂ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ያ የተማርሽው ነገር እያንዳንዱን ጆንያ ከነባለቤቱ ማስታወስ ይችላል?»

«ይችላል» አልኳቸው። እንዴት እንደሚሠራ ገና አላሰብኩበትም ነበር።

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የገበሬውን ስም፣ ቡናው የተለቀመበትን ጫካና የጆንያውን ቁጥር የሚይዝ ፕሮግራም መሥራት፤ ከዚያ የጆንያው ቁጥር ሲጻፍ የገበሬው ስም የሚወጣበት የኢንተርኔት ገጽ ማዘጋጀት። በመጀመሪያው ወር ጨረስኩት። ስሞቹን ሳስገባ ግን ሁሉም ተደበላለቀ። አብዛኛው ቡናችን የሚመጣበት የማንኪራ ጫካ ገበሬ ስሙን በካፊኖኖ፣ በከፋ ቋንቋ፣ ይነግርሃል፤ አንዱ መዝጋቢ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። ድምፁን ረዘም ወይም አጠር ሲያደርጉት ሌላ ሰው የሚሆን ስም በፊደላችን አንድ ሆኖ ይቀመጣል። ኮምፒውተሬ አንዱን ሰው ሦስት፣ ሦስቱን ሰው አንድ ያደርግ ነበር።

ያዳነኝ የሐጂ ሚዛን ያዥ ነው። የማንኪራ ተወላጅ ነበርና ጋሼ እያልኩ እጠራው ነበር። ዝርዝሩን አትሜ ሳነብለት ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና፣ «ይኼኛው ከወንዙ ማዶ ያለው ነው። ያኛው ሌላ ነው፤ ንብ የሚያረባው» ይለኛል። እኔ ቦንጋ ተወልጄ ያደግሁ የአስተማሪ ልጅ ነኝ፤ ካፊኖኖዬ ከገበያ አያልፍም። እሱ ባይኖር ፕሮግራሙ አይሠራም ነበር።

እንዳይምታቱ ብዬ ለእያንዳንዱ ገበሬ ቁጥር ሰጠሁና ካርድ አተምኩ። ጋሼ ካርዶቹን ይዞ ሄዶ በማግሥቱ ሳያድላቸው መለሳቸው።

«አልተቀበሉም። ሰው እንደ ከብት ቁጥር ይለጠፍበታል ወይ ነው የሚሉት።»

ቁጥሩን ለማሽኑ ብቻ ደብቄ፣ ካርዱ ላይ ስማቸውንና የጫካቸውን ስም ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ አብሬው ሄድኩ። አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ካርዷን ተቀብላ ገለባበጠችው። ማንበብ አትችልም። በጋሼ አስተርጓሚነት ስሟ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ጣቷን እላዩ ላይ አስቀምጣ፣ «ይኼ የት ይሄዳል?» አለች።

«ከቡናዎ ጋር ይሄዳል» አልኳት። «የሚጠጣው ሰው ማን እንደለቀመው ያውቃል።»

ጋሼ ሲተረጉምላት ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በዚያ ዓመት ፕሮግራሙ ሠራ። መብራት በየቀኑ ይጠፋል፤ ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር ስለሆነ አንዲት ገጽ ለመጫን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቢሆንም ሠራ። በየጆንያው ላይ ስም የታተመበት ወረቀት ሰፋን። ክረምቱ ሲገባ በላኪው በኩል ከውጭ አገር አንድ መልእክት መጣልኝ። ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው ነው የጻፈው። የአሮጊቷን ስም በላቲን ፊደል አጣሞ ጽፎ፣ ቡናዋን እንደጠጣ ነግሮኝ፣ ደህና ናት ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልእክቱን አትሜ ለቀጣዩ የለቀማ ወቅት አስቀመጥኩት፤ ራሴ ላነብላት።

ቀጣዩ ወቅት ሳይደርስ አዲስ የግብይት መመሪያ መጣ። ነጋዴ የሚያቀርበው ቡና ሁሉ ወደ ማዕከላዊ መጋዘን ገብቶ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል ተባለ። የንግድ ቢሮ ሰዎች ስብሰባ ጠሩን። ሐጂ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እጄን አወጣሁ።

«የገበሬው ስምስ?»

ስብሰባውን የሚመሩት ሰው ክፉ አልነበሩም። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «እህት፣ ሲስተሙ የሚያውቀው አካባቢና ደረጃ ነው። ስም የሚገባበት ቦታ የለውም» አሉኝ። ሌላ ሰው ስለ ጆንያ ጥራት ጠየቀና አለፉ።

የመጀመሪያውን ጭነት ሐጂና እኔ አብረን ማዕከላዊ መጋዘኑ አደረስን። ወረቀቶቹን ሳንነቅል ነው የሄድነው፤ ምን ተስፋ እንዳደረግን አላውቅም። የመጋዘኑ ሠራተኛ እያንዳንዱን ጆንያ በቢላ ይቀድና ይዘረግፈዋል። ቡናው እንደ ጉብታ ወለሉ ላይ ተከመረ። ወረቀቶቹ ከባዶው ጆንያ ጋር ወደ ጥግ ተወረወሩ። ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጉብታውን ሲያዩ ቆዩና፣ «አሁን ይኼ የማን ነው?» አሉ፤ ለእኔም ለማንም ሳይሆን።

ሳምንት ሳይሞላ ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ስሙን ከፕሮግራሙ አውጪው። ኪሎና ቀን ብቻ ይብቃን።»

አወጣሁት። ከዓመት በላይ የደከምኩበት ነገር ከስክሪኑ ላይ ለመጥፋት ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ያለ ስሙ ፕሮግራሙ አንድ ደብተር ከሚሠራው የተለየ አይሠራም ነበርና የሐጂ ሒሳብ ጸሐፊ ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ትክክል ነበር።

ያተምኩትን መልእክት ለአሮጊቷ አላነበብኩላትም። ማንኪራ ወርጄ «ከእንግዲህ ስምዎ አይሄድም» ማለት አቃተኝ። ጋሼን አንተ ንገርልኝ አልኩት። እሱም እንቢ አለ፤ «እኔ እዚያ ነው የምኖረው» ብሎ። ከዓመት በኋላ መሬቷን ልጇ ተረክቦ ጫካውን መንጥሮ ባሕር ዛፍ እንደተከለበት ጋሼ ነገረኝ። ስሟ ከቡናው ጋር መሄዱ ስለቀረ ነው ማለት አልችልም። አይደለም ማለትም አልችልም።

እኔ እዚያው ከፋ ውስጥ፣ ዋጫ ከተማ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። አለቆቼ የሚልኩልኝን ሪፖርት በሠንጠረዥ አሰናዳ ነበር፤ ሠንጠረዡን የሚያነበው ሰው መኖሩን ግን እጠራጠር ነበር። ፕሮግራሙ የነበረበት ኮምፒውተር አንድ ክረምት ላይ ርጥበት ገባበትና አልነሣ አለ። ቅጂ ያስቀመጥኩበት ሲዲም ሻግቶ ተገኘ። ለመጠገን አልሞከርኩም።

ሐጂ ከቡናው ወጥተው ቆርቆሮና ሲሚንቶ መሸጥ ጀመሩ። ሲታመሙ ልጠይቃቸው ቦንጋ መጣሁ። በጎናቸው ተጋድመው ነበር። ባለቤታቸው ወንበር ሰጥታኝ ወጣች።

«ያኔ በከንቱ አደከምኩሽ» አሉኝ። «ወጣትነትሽን ነው የበላሁት። አፉ በይኝ።»

«ኧረ ሐጂ፣ በከንቱ አይደለም» አልኳቸው።

«እንግዲህ ምን ቀረ?»

ወንበሬን ወደ አልጋቸው አስጠጋሁ። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ግን መልሴን አልጠበቁም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን ጨፈኑ።