«ሥራ ላይ ናት»

ፕሮግራመር ሆና የተቀጠረች ሰሞን ከኮዱ ይልቅ የከበዳት ነቅቶ መዋሉ ነበር። ከምሳ በኋላ ዓይኗ እየተከደነ ያስቸግራታል። አንድ ቀን አገጯ ኪቦርዱ ላይ ወድቆ ስክሪኑ በአንድ ፊደል ተሞላ። የቢሮ ሰው አፉ መቼ ያርፋል፣ «ሸለብታ» ብሎ ስም አወጣላት። እዚያ ስቃ አለፈችው፤ ቤት ገብታ ለአባቷ ስትነግረው ግን አለቀሰች።

አባቷ ዕድሜውን ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

«እንቅልፍ በጉልበት አይሸነፍም፣ ልጄ» አላት። «ዓይንሽ ሲከብድ ቆም በይ፣ ውረጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ። ስትነጂ ደግሞ መንገዱን ብቻ እዪ፤ የተሳፋሪ ወሬ አትስሚ።»

«እኔ ምን ተሳፋሪ አለኝ፣ አባዬ?»

«ከቤት ስትሠሪ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍብሽ የምውለው እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?»

ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ከቤት በምትሠራባቸው ቀናት በሩን ራሱ ይዘጋላታል፤ ሬዲዮኑን ይቀንሳል፤ ኮሪደሩን በእግሩ ጣት ይሄዳል። እሷም ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከትታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ መሥራት ለመደች። ሐሳቧ ተሰበሰበ። አለቃዋም ደስ ብሎት የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ፕሮግራም ብቻዋን እንድትሠራ ሰጣት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ቤት ሆና ስትሠራ፣ ኮዱ ውስጥ ስታሳድደው የሰነበተችውን ስህተት አገኘችው። ለአባቷ ልትነግረው ማዳመጫዋን አውልቃ እየሳቀች በሩን ከፈተች። ውጭ ሰው ይጮሃል።

አባቷ ደረጃው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ትንፋሽ የለውም። አጠገቡ ተንበርክካ የምትጮኸው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

በኋላ ልብስ ሰፊዋ ለልጅቷ ነገረቻት። ደረቱን ይዞ ተቀምጦ አይታው «ጋሼ፣ ልጥራት?» ብላው ነበር።

«ተይ፣ ሥራ ላይ ናት። ትንሽ አየር ልውሰድ፣ ይለቀኛል» አላት።

ውሃ ልታመጣለት ገብታ ስትመለስ ሕይወቱ አልፎ አገኘችው።

ከቀብር በኋላ ልጅቷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፕሮግራሙ ተጠናቆ ሥራ ጀመረ፤ አለቃዋ በሰው ፊት አመሰገናት። አንገቷን ደፍታ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

አንድ ምሽት ልብስ ሰፊዋ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እምቢ ቢለኝም ልጠራሽ ይገባኝ ነበር» አለቻት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«እሱ አትጥሪ ካለ ማን ያሸንፈዋል? ምን ጥፋት አለብሽ?» አለቻት ልጅቷ።

ይህንኑ ለራሷ ማለት ግን አልሆነላትም። ሁለቱም እስኪወጣላቸው አለቀሱ። አሁንም ሴትየዋ ማታ ማታ ብቅ ትላለች፤ እራት አብረው ይበላሉ፣ ብዙም አያወሩም።