የሁለቱ ጥቁር ወፎች ዳኛ

መምህር አስናቀ ትናንት ንጋት ላይ ዐረፉ። ዛሬ ማለዳ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በሰፈሩ ሲያልፍ ስማቸውን ሰማሁ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና መጀመሪያ ያገኘሁት ድንኳን ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ደህና አድርጌ ነው ያለቀስኩት። ንፍሮም ተቀብዬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዝቅ ብሎ «አባባ፣ ለእትዬ ምናቸው ነበሩ?» ባይለኝ ኖሮ እስከ ቀብር እዘልቅ ነበር። ለካ ያ የሌላ ሰው ለቅሶ ነው፤ የእኔው ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ኖሯል። ቡታጅራ ውስጥ የእድር ድንኳን ሁሉ አንድ ዓይነት ሸራ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብሞክርም፣ መምህር ቢሰሙ የሚሉኝን አውቃለሁ፤ «ጋሽ ወልዴ፣ ቀለሙን ብቻ አይተው ፈረዱ?»

ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ ይልቁንም በየአገሩ ለተበተናችሁት ተማሪዎቻቸው።

መምህር በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ አረጁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አንዱን ጥቁር ጨርቅ ከሌላው ጥቁር ጨርቅ ዐይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያለሁ፤ ወፍ ላይ ግን ዕውር ነኝ። ከጓሯቸው ባለው ዋንዛ ላይ ሁለት ዓይነት ጥቁር ወፎች ያርፋሉ። ለእኔም ለሰፈሩም ሁለቱም ያው ጥቁር ወፍ ናቸው። እሳቸው አንዱን «ነገረኛው»፣ ሌላውን «ዝምተኛው» ይሏቸው ነበር። ነገረኛው ዐይኑ ቀይ ነው፤ ጭራው እንደ ዓሣ ጭራ ተሰንጥቋል፤ ጭልፊትን ሳይቀር እየጮኸ ያባርራል። ዝምተኛው ዐይኑ ቡናማ፣ ጭራው ደፍን ነው፤ ማንንም ሳይነካ ተቀምጦ ይውላል። «ዐይኑ ከራቀዎ ጭራውን ይዩ» ይሉኝ ነበር። እኔ አንገቴን እስካቀና ወፉ ሄዷል።

ይህ የጡረተኛ ጨዋታ የሚመስለው ነገር የነፍስ ጉዳይ የሆነው በጎረቤታቸው በዘይነባ ንቦች ምክንያት ነው። ዘይነባ ማር ትሸጣለች፤ በልጅነቷ ያስተማሯት ናት። ንቦቿ እያነሱ ሲሄዱ፣ ጥቁር ወፍ ከቀፎው አፍ ላይ ንብ ሲለቅም አየችና ወንጭፈኛ ቀጠረች። መምህር ሰምተው ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ፤ እኔም ወሬ እንዳያመልጠኝ ተከተልኩ። ንብ የሚበላው አንዱ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው የሚያድነው ዝንብና ትል እንደሆነ አስረዷት። በአክብሮት ሰማቻቸው።

«መምህር፣ እኔ የማውቀው ንቤን የበላው ጥቁር መሆኑን ነው» አለች።

«እኔም ጥቁር ነኝ፤ ንብሽን በላሁ?»

«እርስዎ የሚበሉት ማሩን ነው።»

ሳቁና መልሰው ኮስተር አሉ። «በአንዱ ጥፋት ሌላው ሲሞት ዝም ካልኩ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሰሌዳው ላይ ምን ስጽፍ ኖርኩ?» አሏት።

በመጨረሻ ተስማሙ። ወንጭፈኛው የሚመታው መምህር «ይሄ ነው» ያሉትን ብቻ ነው። በየጠዋቱ በርጩማቸውን ይዘው ከቀፎው ራቅ ብለው መቀመጥ ጀመሩ። ወንጭፈኛው ድንጋዩን አዘጋጅቶ አፍ አፋቸውን ያያል። እሳቸው አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ ያያሉ፣ እንደገና ይወለውላሉ፤ «ቆይ፣ ጭራው በደንብ አልታየኝም» ይላሉ። ነገረኛው ፊት ለፊታቸው ንብ ሲውጥ እንኳ ወደ ዘይነባ ዞረው፣ ይሄም ቢሆን ጫጩቶችሽን ከጭልፊት የሚጠብቅልሽ ነው ይሏታል። አንድም ወፍ ሳይመታ ወንጭፈኛው ሰልችቶት ወደ ቆሼ ከተማ በርበሬ ለቀማ ሄደ። እንደ እርስዎ ያለ ዳኛ ቢኖር እስር ቤቱ ሁሉ ማሽላ ይዘራበት ነበር ብዬ አሾፍኩባቸው።

ከዚያ የስኳር በሽታው ዐይናቸውን ወሰደው። ንቦቹም ማለቃቸውን አልተዉ፤ ዘይነባ ሌላ ወንጭፈኛ አመጣች። አሁን በርጩማው ላይ የሚቀመጥ ዳኛ የለም። እኔን እንዳያስቀምጡኝ፣ ያውቁኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እቤታቸው ሬዲዮ ስንሰማ ዘይነባ «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ገባች። የሻሿን ጫፍ ፈታ አንድ የሞተ ጥቁር ወፍ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

«መምህር፣ የትኛው ነው?»

ልትሟገት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የመጣችው። መምህር ከወፉ ራስ ጀምረው በጣታቸው በጀርባው ወረዱ። ጭራው ጋ ሲደርሱ ላባዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ጨርቅ የምዳስሰው እኔም እንደዚያ ቀስ ብዬ አላውቅም።

«ዝምተኛው ነው» አሉ።

ዘይነባ በማግስቱ ወንጭፈኛውን አሰናበተችው፤ ለንቦቹ ግን ምንም አልረዳቸውም። በኋላ አንድ የግብርና ባለሙያ ንቦቹን የፈጃቸው በርበሬ ማሳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ነው አላት። ዛሬ ቀፎዎቿ ባዷቸውን ተሰቅለዋል።

ከዚያ ወዲህ መምህር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዝምተኛው ከዋንዛው ላይ ጨርሶ ጠፋ ወይስ አንድ እንኳ ቀርቷል? ሄጄ እንዳይላቸው ይልኩኛል። እሄዳለሁ፤ ነገረኛው ሲጮህ ሰምቼ እመለሳለሁ። አየሁ ብዬ ላስደስታቸው ብል፣ ጭራውን ይጠይቁኝና ወዲያው እያዛለሁ። አላየሁም ስላቸው «ነገ ይሞክሩ» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ነገን አላነሱም። «አንድ እንኳ ቢኖር ደግ ነበር» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መምህር፣ እንግዲህ ተለያየን። ከቀብርዎ ስመለስ በጓሮዎ በኩል ዞርኩ። ዋንዛው ላይ አንድ ጥቁር ወፍ ተቀምጦ ነበር፤ አልጮኸም። ጭራውን ቅጠል ጋርዶታል። ዞሬ ላየው ስል ይህ የማይረባ ጉልበቴ አዘገየኝና ሄደ። ነገረኛውም አንዳንዴ ዝም ይላል፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዋንዛውን ደግሞ በሕመምዎ ጊዜ የጓሮውን ቦታ ከእርስዎ የገዙት ሰዎች ሊቆርጡት የምልክት ቀለም ቀብተውታል። አፈሩ ይቅለልዎ። የአንዲት «አለ» ወይም «የለም» ዕዳ አለብኝ፤ እሷን ሳልከፍል ወደ እርስዎ መምጣቴ ነው።