በምሰሶው ውስጥ የቀረው ብረት

ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በከተማችን በሞላሌ መብራት ሲፈልግ የሚመጣበት፣ ሲፈልግ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። እስከ ዛሬ የመጋዝ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አዲስ አበባ ብረታ ብረት ቤት ሠርቼ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ንብረት ጠረጴዛ ላይ የምትታሰር ባለ ሞተር የመሳያ ድንጋይ ነበረች። ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላ እስልባታለሁ። የሞተር መጋዝ ወደ አገራችን ሲገባም ባለ ጥርስ ሰንሰለቱን የሚስል ከእኔ በቀር አልነበረም።

በእናቴ ደጅ አንድ ትልቅ ጽድ ነበር። አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው፤ ፎቶ እንኳ የለውም። ከእጁ ሥራ የቀረው በቅሎውን ለማሰር ጽዱ ላይ የቸነከረው ብረት ብቻ ነበር። እሱንም ዛፉ እያደገ ውጦት ቅርፊቱ ገጥሞበታል።

የሰፈራችን ማርያም ስትታደስ ምሰሶ ጠፋ። እናቴ ማንም ሳይጠይቃት ጽዱን ሰጠች። መጋዙ በሚመጣበት ሰሞን እህቷ ታማባት ወደምትኖርበት ወደ ቀየት ስትሄድ አንድ ነገር አደራ አለችኝ።

«ዛፉ የእመቤቴ ነው። ብረቱን ግን አውጥተህ አኑርልኝ። የአባትህ እጅ የነካው ሌላ ምን አለኝ?»

ለባለ መጋዙ ለእሸቱ ነገርኩት። «ካገኘሁት የአንተ ነው» አለኝ።

ዛፉ በሚሰነጠቅበት ቀን መብራት በጠዋት መጣ። ሥራ ተከምሮብኝ ስለነበር ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ ከሱቄ አልወጣሁም። እኩለ ቀን ላይ እሸቱ ሰንሰለቱን ይዞ መጣ። ጥርሶቹ ዶልዱመዋል፤ አንዳንዶቹማ ጫፋቸው ተሸርፏል።

«ድንጋይ ነው መሰለኝ። መሃሉ ላይ ስንደርስ አልሄድ ሲለን አዙረን በሌላ በኩል ሰነጠቅነው» አለኝ።

ግንድ መሬት ለመሬት ሲጎተት ቅርፊቱ ውስጥ ጠጠር ይቀረቀራል። «ቅርፊቱን ሳትልጡ አትሰንጥቁ አላልኳችሁም?» ብዬ ጭራሽ ተቆጣሁት።

ሰንሰለት እንደ መጥረቢያ አይደለም። መሳያው ድንጋይ ላይ ጫን ካደረጉት ብረቱ ተቃጥሎ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥርሱም አይቆርጥም። እኔም አንድ በአንድ ነካ እያደረግኩ፣ ደህናዎቹን ከተሸረፉት ጋር እኩል አደረግኋቸው። ዓይኔ ከጥርሱ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረም። እሸቱ አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

እናቴ ከቀየት ስትመለስ ምሰሶዎቹ በመጥረቢያ ተስተካክለው፣ ምስጥ እንዳይበላቸው የተቃጠለ ዘይት ተቀብተው ቆመዋል።

«ብረቱስ?» አለችኝ።

«አልተገኘም እማዬ። መጋዙን ድንጋይ ነካው እንጂ ብረት አላዩም።»

«የቱ ጋ ነካው?»

«መሃሉ ላይ ሲደርሱ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ድንጋይ ዛፍ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል፣ ልጄ?»

ክው አልኩ። ሮጬ ሄጄ እሸቱን ብጠይቀው በየትኛው ምሰሶ ውስጥ እንደቀረ እሱም አያውቅም። ምሰሶዎቹን አስፈልፍዬም ቢሆን አወጣዋለሁ ብል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተው። ለእመቤቴ ሰጥቼ መልሼ ልንሳት?»

ከዚያ ወዲህ ለቅዳሴ ስትሄድ የጽዱን ምሰሶዎች በየተራ እየዳሰሰች ታልፍ ነበር። በወንዶች በኩል ያሉትን እኔ እዳስስላታለሁ። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ እሱ ነው የሚብስብኝ። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ብሄድ ኖሮ ብረቱ በእጇ ይገባ ነበር። ሳትጨብጠው አረፈች።

ዛሬም እስላለሁ። ጥርሱ የተሸረፈ ሰንሰለት ሲመጣልኝ ግን መሳያዬን ከማስነሳቴ በፊት «የነካውን ቦታ አሳየኝ» ብዬ ሱቄን ዘግቼ ግንዱ ድረስ እሄዳለሁ። ሰዉ ይስቅብኛል።

እስካሁን የማገኘው ሁልጊዜ ድንጋይ ነው።