ምቹ የት ላይ መታት?

አክስቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለቅሶ ቤት ገብተው አርፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም ነበር። የሟቿን ልጆች “አብሽሩ” ብለው እንዳጽናኑ ወዲያው “በምን ሞተች?” ይላሉ። “ምች መትቷት” ከተባሉ፣ “የት ላይ?” ብለው ይቀጥላሉ። እኔ በሀፍረት ሻሼን ወደ ዓይኔ እስብ ነበር።

አንድ ቀን ደጋን ከተማ፣ አንዲት የእናታቸው ወገን የሞተች ጊዜ፣ “ጡቷ ላይ” አሏቸው።

“የእናቴንም ጡት! የእህቴንም ጡት!” አሉ አክስቴ። እህታቸው እናቴ ነበረች። “ወላሂ፣ ይኼ ምች ከእኛ ቤት ጡት ሌላ መምቻ አጣ?”

አልቃሾቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ወደ ደሴ ስንመለስ ግን አክስቴ ሚኒባሱ ውስጥ አልሳቁም። “አንቺ የተማርሽ፣ ጻፊው” አሉኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ ዓመቴ ነውና፣ “የተማርሽ” ስባል እምቢ ማለት አልችልም። ደብተር ገዝቼ ስም፣ ዕድሜ፣ የታመመው ቦታ ብዬ በማስመሪያ አሰመርሁ።

ከየለቅሶ ቤቱ የሞላሁትን ደብተር ይዤ ስሄድ ሐኪሙ፣ “ይህማ ምች አይደለም፤ በዘር የሚመጣ የጡት ካንሰር ሳይሆን አይቀርም” ብሎ በየዓመቱ እንድመረመር አዘዘኝ።

“አላልሁሽም!” አሉ አክስቴ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደስ ብሏቸው።

ዘንድሮ በልብ ሕመም ሞቱ። በሕይወት ሳሉ ተመርመሩ ሲሏቸው “ሟርት ነው” እያሉ እምቢ ያሏቸው ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ አብረውኝ ሄደው ተመረመሩ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ወረፋ ስንጠብቅ በመካከላችን አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ማናችንም ጠጋ አላልንም።