ሰው ካለበት አይረጭም

አንበጣው ቆቦ በገባበት ዓመት የአባቴ ማሽላ ገና እሸት ነበር። ከዋጃ መንገድ ዳር ያለችው ያቺ ማሳ የቤታችን የዓመት ቀለብ ናት፤ እኔ አስተምሬ የማገኘው ደመወዝ ከቤት ኪራይ አያልፍም። ትምህርት ተቋርጦ መምህሩም ተማሪውም አንበጣ ለማባረር ወደየማሳው ወረደ።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጣና አውሮፕላን መድኃኒት ሊረጭ እንደሆነ ነገረን። «ግን ከማሳው ውጡ። የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአብራሪው የሰጠው ፈቃድ ሰው ካለበት እንዳይረጭ ይከለክላል፤ ፀሐይ ከጠለቀችም አይበርም» አለን።

ጎረቤቶቻችን ወጡ። አባቴ ግን ማሳው መሃል ያለው የጥበቃ ማማ ላይ ቆሞ ጅራፉን ማጮኹን ቀጠለ።

«አባባ፣ በአላህ ውረድ!»

«አንድ አፍታ ዝም ካልኩ ያርፍበታል። ባይመጡስ?»

መጡ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ የታች ሰፈሮችን ማሳ ረጨ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አለፈ። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ማማው ላይ ወጥቼ ጋቢውን እየጎተትኩ ጮኽኩበት። አባቴ ሰው ፊት ተጮኾበት አያውቅም፤ ጅራፉን ጠቅልሎ ወረደ።

አስፋልቱ ዳር ተቀምጠን ሰማይ ሰማይ ስናይ ባለሙያው ስልኩን ዘግቶ መጣ። መሽቷል፤ አውሮፕላኑ የሚመለሰው ጠዋት ነው አለን። መንጋው ጸጥ ያለውን ማሳ አገኘና አረፈበት። ካለንበት ሆነን ሲበላ ይሰማን ነበር።

«ከሁለት ያጣ ሆንኩ» አለ አባቴ።

እውነቱን ለመናገር ሕጉ ክፉ አይደለም። አባቴ ላይ መርዝ እንዳይዘንብ የተጻፈ ነው። ይህን ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የጻፈው ሰው ማሽላ እሸት ላይ እያለ ጥሎ መውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልመስለኝ አለ። ደግሞ በማን ልናደድ? አባቴን ከማማው ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ባላወርደውም መድኃኒቱ አይደርሰንም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ የማሳውን አጥር ከፍቶ አንበጣው ያስቀረው አገዳ ላይ ከብቶቹን አስገባ። ሳይታጨድ ከብት ማሽላ ውስጥ ሲለቀቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። አውሮፕላኑ እንደተባለው መጣ። ባለሙያው እየሮጠ «አባቴ፣ ከብቶቹን ያስወጡ፣ ሊረጭልዎት ነው!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ ቀና ብሎም አላየው።

«ምኑን ሊያተርፍልኝ?» አለው።